የአራት ጣት ክፍተት

ታላቄ፣

እንዴት አደርሽ? ዛሬ ስንት ነፋሽ?

ደብዳቤ ሲጀመር ሰላምታው መደርደር እንዳለበት አውቃለሁ። የቋንቋ መምህራችን ሰው ደብዳቤ ውስጥ የሚገባው እጅ ነስቶ ነው ይላሉ። እኔና አንቺ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የተለዋወጥነው ሰላምታ ይኸው ብቻ ነው፦ ስንት? አንቺ ከመጋረጃው ወዲያ ትነፊያለሽ፣ እኔ ከወዲህ ጠረጴዛው ላይ ደብተሩን ዘርግቼ እጠብቃለሁ። ሌላ ሰላምታ ብጽፍልሽ ይሄ ደግሞ የየት ሽማግሌ ነው ብለሽ ትስቂብኛለሽ።

እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ትበላለች፣ ትሠራለች፣ እኔንም ትቆጣለች። ቁጣዋ ሲመለስ ነው ደህና መሆኗን ያወቅሁት። አባዬ ከመንገድ ይደውላል። የጭነት መኪናው ዳገት ላይ ሲሆን ድምፁ ይቆራረጥና የቀረውን እኛ እንሞላዋለን። ደርባችሁ ልበሱ ይላል፤ ከዚያ እንደገና ደርባችሁ ልበሱ ይላል።

ይህን የምጽፍልሽ በቁጥር ደብተርሽ ላይ ነው። ከኋላ ብዙ ገጽ ተርፏል። ንብረቴን ያለ ፈቃድ ነካህ ብለሽ እንዳትጮሂ፤ እጅ ጽሑፉ የኔ ስለሆነ ግማሹ የኔ ነው።

ከሄድሽ ስድስት ሳምንት ሆነሽ። ብርዱ ገና አልለቀቀም። ስለ መስኮቶቹ ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት፤ ምን እንዳደረግሁና ምን እንዳፈረስሁ። የምታውቂውንም ቢሆን ከመጀመሪያው እነግርሻለሁ። ወሬ ከመሀል ሲጀመር እንደማትወጂ አልረሳሁም።

ከተማችን ድስት ውስጥ ነው ያለችው ያልሽው አንቺ ነሽ። ዙሪያውን ኮረብታ፣ ከታች እኛ። ብርዱ ሲገባ ሁሉም ቤት ከሰል ያነዳል፤ ነፋሱ ደግሞ እንደ ተኳረፈ ዘመድ ድምፁን ያጠፋል። ጭሱ መሄጃ አጥቶ ጣራችን ላይ ይተኛል። የሳይንስ መምህራችን ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር ከታች ያለውን ቀዝቃዛ አየር እንደ ክዳን ይጫነዋል ብለው ሲያስረዱ እጄን አወጣሁና እህቴ ይህን ታውቀዋለች፣ ድስት ነው ትላለች አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ልክ ብላለች አሉ። ማታ ስነግርሽ ለሳምንት ያህል ፕሮፌሰር ካላልከኝ አልመልስልህም አልሽ።

መለኪያሽም የራስሽ ነበር። ጠዋት በመስኮት ታያለሽ። ከገበያው ማዶ ያለው የውኃ ማማ ከታየ አየሩ ደህና ነው። ማማው ጠፍቶ የዳቦ ቤቱ ጭስ ማውጫ ብቻ ከታየ ቤት መቀመጥ ነው። ጭስ ማውጫውም ከጠፋ፣ ሰማያዊዋን የአስም ፓፍ ከእጅሽ አትለዪያትም።

ለዚህ ነው ዘንድሮ ብርዱ እንደገባ የስፌት መኪናሽን ከምትሰፊበት ሱቅ ወደ ቤት ያመጣነው። ጋጋሪው በዳቦ መኪናው ጭኖ አመጣልን፤ ለወር ያህል መኪናሽ ዳቦ ዳቦ ሸተተ። ጠዋት ጭሱን እየዋጠች መንገድ ከምትወጣ ቤቷ ተቀምጣ የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ትስፋ ተባለ። ሁላችንም ብልህ የሆንን መሰለን። ከምድጃው እስከ መኪናሽ ሁለት እርምጃ ነበር። ሙቀቱ ይደርሳታል አልን። ሌላ ምን እንደሚደርስሽ ማንም አልጠየቀም።

ከዚያ እኔ መጣሁ።

አምና መስኮቱን የደፈንኩት በደረቅ ጨርቅ ነበርና ነፋስ እንደ ልቡ ይገባ ነበር። ዘንድሮ ግን ጥበቡን ተማርኩ። አሮጌ አንሶላ በሁለት ጣት ስፋት ይቀደዳል፤ በዱቄት ሙጫ ይነከራል፤ በማንኪያ ጀርባ ስንጥቁ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ከላይ ጋዜጣ ይለጠፍበታል። ሲደርቅ እንጨት ይሆናል። ሙጫውን እያማሰለች የምታቀርብልኝ እማዬ ነበረች። ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ደክሟት ገብታም ቢሆን ድስቱን ትጥዳለች፤ እንዳይጓጉል ነው ጉዳዩ ትላለች።

ፈተናውንም ታስታውሻለሽ። ሻማ አበራና ነበልባሉን በመስኮቱ ጠርዝ ቀስ አድርጌ አዞራለሁ። ከተወዛወዘ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ያን ቦታ እደፍናለሁ። ቀጥ ብሎ ከቆመ ሥራው አልቋል። የኛ መስኮት ላይ ነበልባሉ ቀጥ ብሎ የቆመ ዕለት ሁላችሁንም ጠርቼ አሳየሁ። ወታደር ይመስላል አልሽ። እኔ ደረቴን ነፋሁ።

ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን ሞላ፤ ከጎናችን ሬዲዮ የምንላት ሴትዮ እያለች ምን ይደበቃል? ማስቲሽ ብላ ስም አወጣችልኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ቤት አሸግሁ። የሬዲዮን፣ የጡረተኛውን ፖስተኛ፣ የመንትዮቹን እናት፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ የጋጋሪውን ቤት፤ ሚስቱ በወለደች በአሥረኛው ቀን። ሕፃኑ ተኝቶ ስለነበር ማንኪያውን በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የሠራሁት። እጅህ ይባረክ አለችኝ። እጄን እያየሁ ወደ ቤት መጣሁ።

አሁን ወደ ደብተሩ ልመለስ።

የክሊኒኳ ነርስ ያቺን ትንፋሽ የምትለካ የፕላስቲክ መንፊያ ስትሰጥሽ ያለችውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። በኃይል ንፊ፣ ቀይዋ አመልካች የቆመችበትን ቁጥር ጻፊ፣ ከሁለት መቶ በታች ከወረደ ቁርስም ሳትበሉ ሮጣችሁ ኑ። አንቺም፣ እኔ ነፊ ነኝ፣ ጸሐፊዬ እሱ ነው አልሽ። ሥራዬን ተረከብኩ።

ብርዱ ሲገባ ቁጥርሽ 320፣ 310፣ 310 ነበር። መስኮቱን ካሸግሁ በኋላ ያለውን ልንገርሽ? 270፣ 250፣ 240፣ 230። ሁሉንም በእጄ ጻፍኩ፤ አንዱንም አላነበብኩም። ሰው የገዛ ጽሑፉን ሳያነብ እንዴት ሦስት ሳምንት ይከርማል? እማዬ ብርዱ እየበረታ ስለሆነ ነው አለች። እኔም አመንኩ፤ ቁጥሩ በወረደ ቁጥር ሌላ ጋዜጣ እደርባለሁ። 240 ባልሽበት ቀን በሩ ሥር ያለውን ክፍተትም በጨርቅ ጠቀጠቅሁት።

እና ያቺ ማክሰኞ። ከትምህርት ቤት ስገባ መኪናሽን አቁመሽ ግንባርሽን እጅሽ ላይ አስደግፈሽ አገኘሁሽ። ማስቲሽ፣ አራት ጣት የምታህል ክፍተት ብትተውልኝ ምን ይልሃል፣ ስሰፋ አናቴን ይከብደኛል አልሽኝ። በሳቅ ነው ያልሽው። እኔ ግን ሳቁን አልሰማሁም። አሥራ አንድ ቤት ያሸገ ሰው የገዛ ቤቱ ወንፊት ይሁን? ሬዲዮ ብትሰማ ምን ትላለች? አንቺን ብዬ የጀመርኩትን ሥራ አንቺው ታፈርሺዋለሽ? ይህን ሁሉ ተናገርኩና አኮረፍኩሽ። እራቴን ወደ ግድግዳው ዞሬ በላሁ። አንቺ ግድግዳውን ሰላም በልልኝ አልሽ። አልሳቅሁም። ሲስቁብኝ አልወድም፤ ይህን ታውቂያለሽ።

በማግስቱ ጠዋት ስንት ስልሽ 290 አልሽ።

ከዚያ 300። ከዚያ 300፣ 310። እማዬ ተመስገን አለች። እኔ አየሽ አይደል አልኩሽ። አየሁ አልሽ ከመጋረጃው ወዲያ። ኩርፊያዬም በዚያው አለቀ።

በሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት 300 ብለሽኝ ነው ትምህርት ቤት የሄድኩት።

ስለዚያ ሐሙስ ብዙ አልጽፍም፤ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ክፍል ድረስ መጥቶ ሲጠራኝ የስፖርት ጫማዬን ስለረሳሁ መስሎኝ ነበር። ጋጋሪው በዳቦ መኪናው ወስዶሽ ነበር፤ ዛሬም ስለዚያ መንገድ ሲያወራ መሪ የያዘ ይመስል እጁን ዘርግቶ ነው። ደብተሩን ከቤት ይዤ ክሊኒክ በር ላይ ደረስኩ። ነርሷ ደብተሩን ከእጄ ተቀብላ የመጨረሻውን ገጽ አየችና በዚህ ቁጥር እንዲህ መሆን አልነበረባትም አለች። ሁለት ጊዜ አለችው።

ሰው ሁሉ ብርድ ነው አለ። እማዬም ብርድ ነው አለች። ረቡዕ ጠዋት ሻርፕ ሳታደርግ ቧንቧ ድረስ የላክኋት እኔ ነኝ ብላ ያን ሻርፕ ከአንገቷ ሳትፈታ ጫፉን ይዛ ለመጣው ሁሉ ታሳይ ነበር። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ያኔ ገና አላወቅሁም ነበር። ካወቅሁ በኋላም ሌላ አምስት ቀን ዝም አልኩ። ይህን ብትቀየሚኝ እውነት አለሽ። እንዴት እንዳወቅሁ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ፤ አሁን ያደረግሁትን ስሚ።

በመጀመሪያ ነርሷ ጋ ሄድኩ። ምድጃ የሚነድበት ክፍል ጥርቅም ብሎ ቢዘጋ ምን ይሆናል አልኳት። አስም ላለበትም፣ ለሕፃንም፣ ለጤነኛም ጥሩ አይደለም አለችኝ፤ ጭሱ ባይታይም ከምድጃው ቧንቧ ስንጥቅ ይወጣል፣ ከሰሉም ሽታ የሌለው መርዝ አለው። ከዚያ ትክ ብላ አየችኝና ለምን ጠየቅህ አለችኝ። ለትምህርት ነው አልኩ። ከበሯ ስወጣ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጋጋሪው ሕፃን። ማንኪያዬን ጠቅልዬ ያሸግሁት ቤት።

በዚያው ቀን በራቸውን አንኳኳሁ። መስኮቱን ልክፈተው፣ ተሳስቼ ነው አልኳት ለሚስቱ። ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛዋለች፤ ሲተነፍስ ሲር ሲር ይላል። ድምፁን አወቅሁት። ከመጋረጃሽ ወዲያ የምሰማው ድምፅ ነው፤ አነስ ያለው። እሷ ግን አንተ ልጅ ምን ነክቶሃል አለችኝ፤ እህትህን ብርድ ነጠቀህ፣ እኔንም ልጄን ልታስነጥቀኝ ነው? ሌሎቹ ቤቶችም ሄድኩ። ፖስተኛው ለጠቀጠቅክበት አመስግኜሃለሁ፣ ለመንቀል አልጠራሁህም ብሎ በሩን ዘጋ። ሬዲዮማ አልሰማችኝም እንኳ፤ ልጁን ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጥቶበታል ብላ እስከ ማታ አሰራጨችው።

በሦስተኛው ቀን ሕፃኑን ክሊኒክ ወስደው መለሱት። ያን ስሰማ ገባኝ። ሰዎቹ የማያምኑኝ ግማሹን ብቻ ስለምነግራቸው ነው። ተሳስቻለሁ እላለሁ፣ በማን ላይ እንደተሳሳትኩ አልናገርም። ያን ለመናገር ደግሞ እማዬ መስማቷ አይቀርም። ሁለት ቀን ያንገራገርኩት ለዚህ ነው። እማዬ አንድ ልጅ ቀርቷታል፤ እሱም ገዳይ ነኝ ሊላት?

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ቧንቧው ጋ ይሰለፋል። እኔም ደብተርሽን በኮቴ ውስጥ ይዤ ወጣሁ። ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ቆምኩ። ሬዲዮ አሁን ደግሞ ሊሰብከን ነው አለች። ጀሪካን የያዘው ሁሉ ዞረ። እማዬ ከኋላ አራተኛ ላይ ነበረች።

አነበብኩላቸው። ቀኑንና ቁጥሩን ብቻ። መስኮቱን ያሸግሁበት ቀን ላይ ስደርስ ቆምኩና እዚህ ላይ አሸግሁት አልኩ። ከዚያ 270 አልኩ። 250። 240፤ እዚህ ላይ በሩንም ደፈንኩ። 230። አራት ጣት ክፍተት ተውልኝ ብላኝ ነበር፣ አልተውኩላትም አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህን ብታይ ደስ ይልሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ገጽ አላነበብኩም። ደብተሩን ዘጋሁ።

ውኃው ሞልቶ እየፈሰሰ ማንም ጀሪካኑን ከሥሩ አላነሳም። እማዬ ሰልፉን ትታ መጣች። በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጉንጬን አዘጋጀሁ። እሷ ግን ድንጋዩ ሥር ቆማ ቀና ብላ አየችኝና ሙጫውን ያማሰልኩልህ እኔ አይደለሁም ወይ አለችኝ። ይህን ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ ና ውረድ፣ ቢላዋ ይዘህ ና አለችኝ።

ጋጋሪው ቤት አብረን ገባን። ሚስቱ ሕፃኑን አቅፋ ጥግ ያዘች፤ እማማ፣ ብርድ ይገድልብኛል ብላ አለቀሰች። እማዬ ያቺን ሻርፕ ከአንገቷ ፈታች፤ ያንቺን፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከአንገቷ አውልቃው አታውቅም። ሕፃኑ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመችለትና ልጄ፣ ብርድን ልብስ ይመልሰዋል፣ ጭስን ምን ይመልሰዋል አለቻት። እኔ መስኮቱን ቀደድኩት። በጣም ጥሩ ሥራ ነበር፣ ታላቄ፤ መንቀሉ ከመሥራቱ ይልቅ ሁለት እጥፍ ጊዜ ወሰደብኝ።

ከዚያማ ነገሩ በአንድ ቀን ተገለበጠ። ጋጋሪው ቆርቆሮ ቆርጦ የሁላችንንም ምድጃ ቧንቧ አጠበቀ፤ በመጀመሪያ የኛን። ደንቡን ያወጣነው ባንቺ ማማ ነው። ምድጃ እየነደደ ከሆነ አራት ጣት ሁልጊዜ ክፍት ነው። ማማው ከታየ ጠዋት መስኮቱ ወለል ተደርጎ ይከፈታል፤ ካልታየ እስከ ቀትር ይጠበቃል፣ ትንሽ ነፋስ ሲመጣ ይከፈታል። ይህን የሚያውጀው ማን ይመስልሻል? ሬዲዮ! በጠዋት ጣራዋ ላይ ትወጣና ማማው ታይቷል፣ ክፈቱ ብላ ትጮሃለች። ሥራዋን አገኘች። ለኔም አዲስ ስም አወጣች፦ አራት ጣት። ማስቲሽ ሞቷል ትላለች። ከዚያ ያለችው ነገር ይገባትና አፏን በእጇ ትይዛለች። እኔ ግን አልከፋኝም፤ እውነቷን ነው።

ሕፃኑ ዛሬም አንዳንዴ ይስላል። ያ ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ግን ካልሰማሁት ሁለት ሳምንት ሆኖኛል፤ ነርሷም ደረቱን አዳምጣ ጥሩ ነው ብላለች። ትናንት ሰጡኝና አቀፍኩት። አፍንጫዬን በጡጫው ይዞ አልለቅም አለ። ጉልበት አለው። ሳንባው ታሞ የነበረ ልጅ አይመስልም።

የሳይንስ መምህራችን ደግሞ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰሌዳ ሰጥተውኛል። ጠዋት ጠዋት ማማው ታይቷል ወይም አልታየም ብዬ እጽፋለሁ፤ ካልታየ ስፖርት የለም። ልጆቹ ስፖርት ሲሰለቻቸው ዛሬስ አልታየም በልልን እያሉ ይለምኑኛል። አልልም። እኔ ከእንግዲህ ያላየሁትን ቁጥር አልጽፍም።

ሰልፍ ፊት የቆምኩበት ቀን የሕይወቴ ትልቁ ቀን ነው ብዬ አምናለሁ። ደግሜ ብቆም ደግሜ እለዋለሁ። ሬዲዮ ብትሰማ ምን ትላለች ብዬ አንቺን የከለከልኩት ሰውዬ እኔ መሆኔ ሲገርመኝ ይኖራል፤ ያ ሰውዬ ግን ተመልሶ አይመጣም። እማዬም ማታ ማታ ሻርፑን ማሳየት ትታለች። ሻርፑ ራሱ የሕፃኑ ሆኖ ቀርቷል።

በአንድ ነገር ግን ተቀይሜሻለሁ። ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለእማዬም አልነገርኳትም፣ አልነግራትምም። የኛ የሁለታችን ነው።

እንግዲህ ልሰናበትሽ። ፈጣሪ ያለሽበትን ሰፊ ያድርግልሽ፤ መስኮቱ ብዙ፣ ኮረብታውም ሩቅ ይሁንልሽ። ሳትስዪ ሳቂ። ለኔ ደግሞ ይህን ለምኚልኝ፦ ማንም ሰው ኩርፊያዬን ፈርቶ እውነቱን የማይደብቀኝ ሰው ያድርገኝ።

እንዴት እንዳወቅሁ እነግርሻለሁ ብዬ ነበር።

ከሄድሽ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። የመጡት ሁሉ ሄደው አልቀዋል፤ አባዬ ሌሊቱን ወደ መንገዱ ተመልሷል፤ እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሥራ ወጣች። ቤት ውስጥ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነበር። ምድጃውን አቀጣጠልኩ። ውኃ ጣድኩ። ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩና ሳላስበው ደብተሩን ዘርግቼ ቀኑን ጻፍኩ። ከዚያ ወደ መጋረጃው ስንት አልኩ።

ጠበቅሁ። አንዳንዴ ትዘገዪ ነበር።

ተነሥቼ መጋረጃውን ገለጥኩ። መንፊያው ሐሙስ ጠዋት ካስቀመጥሽበት ከትራስሽ ጎን ነበር፤ ማንም አልነካውም። ቀይዋ አመልካች ትንፋሽ ከገፋት ቦታ በጣት ካልመለሷት አትነቃነቅም። 140 ላይ ቆማለች።

አልጋሽ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ለረጅም ጊዜ አየኋት። አልመለስኳትም፤ ዛሬም እዚያው ናት። ከዚያ መቀስሽን አነሣሁ፤ ከጨርቅ ሌላ ወረቀት እንኳ እንዳትቆርጥባት ያልሽኝን። የመስኮቱን ጋዜጣ ከላይ እስከ ታች ቀደድኩበት፤ ጨርቁን በጥፍሬ አወጣሁት። መስኮቱን በአራት ጣት ለካሁ። ያንቺ ጣት ከኔ ይቀጥናል ብዬ ትንሽ ጨመርኩበት። ቁራጯን ሻማ ፈልጌ አበራሁና ጠርዙ ላይ ያዝኳት። ነበልባሏ ጎንበስ አለች፤ ጠፋች።

ደብተሩ ላይ 300 የሚለውን አልሰረዝኩም። ከጎኑ 140 ብዬ ጻፍኩ። ኮቴን ደርቤ ለበስኩ፤ በሩን ቆልፌ፣ መስኮቱን እንደተከፈተ ትቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ታናሽሽ፣ ጸሐፊሽ